የታችኛው ክፍል ፈቃድ

መስከረም 24

ማመልከቻውን ዛሬ አስገባሁ። መስቀል አልፎም ዝናቡ አልለቀቀንም። ጃንጥላዬን ስዘጋ ውሃው ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበና ከስሜ መጨረሻ “ሽ” ፈሰሰች፤ “ይታይ” ብቻ ቀረ። የተቀበለችኝ የቅርስ ባለሙያዋ ናርዶስ አንብባው ሳቀች። “ጥሩ ነው እትዬ፣ ይታይ ይላል፤ እናየዋለን” አለችኝ።

ዳንግላ ውስጥ ቤቱን ማደስ ያማረው ሁሉ ያድሳል። የእኛ ሰፈር፣ አሮጌው ገበያ፣ ቅርስ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ ግን ሚስማር ለመምታትም እናስፈቅዳለን። የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። አያቴ ያሠሩት ፎቅ ቤት ከታች ድሮ የእህል ማከማቻ የነበረ ክፍል አለው። እሱን መኝታ ቤት ላደርገው፣ መጸዳጃ ላስገባለት፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ አስፈርሼ ሰፊ በር ላወጣለት ነው። ከዚያ አባዬ ከፎቁ ወደ ታች ይዛወራሉ።

ባለፈው ሰኔ ከደረጃው ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። እግሩ ድኗል። ደረጃው ግን ያው መሰላል ነው። እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ነበርሁ፤ ያገኛቸው ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲወርዱ አልፈቀድሁላቸውም፤ አልወረዱምም። ሰው እንደ ወፍ ከላይ ተሰቅሎ አይኖርም።

ማመልከቻውን ማስገባቴን ስነግራቸው “ደግ አደረግሽ” አሉ። ወዲያው እራቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

መስከረም 28

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ማለዳ እንደ ልማዳቸው ሰፈሩን አደነቆሩት። ሐጂ ጠሃ ከማዶ መስኮታቸው፣ አባዬ ከእኛ። “አዝመራው!” “አቤት!” ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ካመማቸው ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ሱቁን ልጃቸው ሐቢባ ከታች ትሠራለች። አባዬ ደግሞ ከጥሊሊ እስከ አዘና በፈረስ እየዞሩ ከብት ሲከትቡ የኖሩ ናቸው፤ ድምፃቸው የተሠራው ከጋራ ጋራ ለመጥራት ነው። አባዬ ታች ሲወርዱ ቢያንስ ይህ ጩኸት ይቀራል። ረፈደብኝ።

ጥቅምት 3

በራችን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ግንባታውን የሚቃወም ጎረቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቃውሞውን ለጽሕፈት ቤቱ ያሰማ ይላል። ለአባዬ አነበብሁላቸው። እንዲህ ነገሬ ብለው ያዳምጡኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

“ጎረቤት ሲል ማን ማንን ነው?”

“አጠገባችን የሚኖር ሁሉ።”

“ከላይ የሚኖርም?”

“ከላይም ከታችም፣ አባዬ። አንድ ነው።”

“በአካል መቅረብ ያስፈልጋል ወይስ መላክም ይቻላል?”

“በአካል ይላል።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአዲሱ ክፍላቸው ማሰብ መጀመራቸው ደስ አሰኝቶኛል። ዛሬ ፍራሼን ደረጃው ሥር ካለው ሶፋ ላይ ዘረጋሁት። ክፍሌ ትንሽ ያፈሳል። ሶፋውም ይመቻል።

ጥቅምት 9

የአባዬ ጫማ ላይ ጭቃ አየሁ። “ምንድን ነው?” ብላቸው “እያጸዳሁት ነበር” አሉኝ። ጫማ የሚጸዳው ጭቃ ሲኖርበት ነው፤ እውነት ነው። ሱሪያቸውም መቀመጫው ላይ በአቧራ ነጭ ሆኗል። አራገፍሁላቸው። እራታቸውን በደንብ በሉ፤ ሁለቴ አስጨመሩኝ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ለልጁ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ መጥቶ ነበር። “አባታችን ዛሬ ፊታቸው በርቷል” አለኝ። ከመስኮት አይቷቸው ይሆናል። ሰው ሁሉ ነው የሚወዳቸው።

ጥቅምት 14

ናርዶስ ደወለች። ተቃውሞ ቀርቧል።

“ከማን?”

“ከቅርብ ሰው ነው፣ እትዬ። ስማቸውን በውይይቱ ቀን ራሳቸው ይናገራሉ።” ከዚያ ሳል ያዛት። የሳቅ የመሰለ ሳል።

ከሐጂ ጠሃ በቀር ማን ሊሆን ይችላል? አዲሱ በር የሚከፈተው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። ዛሬ በሱቁ በኩል ሳልፍ ሐቢባ ዓይኔን ላለማየት ጣቃ መጠቅለል ጀመረች። የተጠቀለለ ጣቃ ነበር።

ጥቅምት 15

ሐቢባን ሰላም ሳልላት አለፍሁ። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ለቅሶ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ግን ታዲያ የአንድ ሽማግሌ መኝታ ምን አደረጋቸው? ነገ ሰላም እላታለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።

ጥቅምት 18

ሁለት ሴቶች መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። “የእነ ይታይሽን ቤት ነገር ሰማሽ? ተቃዋሚው እኮ…” ብላ አንደኛዋ ስታየኝ ዝም አለች። ሁለቱም ገብተው የራስ ምታት ክኒን ጠየቁኝ። አንዳቸውንም ራሳቸውን አላመማቸውም።

ጥቅምት 20

ወንድሜ ይኸነው ከእንጅባራ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሐጂ ጠሃ እንደተቃወሙን ነገርሁት።

“ሐጂ? አይመስለኝም። አባዬን ጠይቂያቸው።”

“እሳቸው ከላይ ተቀምጠው ምን ያውቃሉ?”

“ይታይሽ፣ ከላይ የተቀመጠ ሰው ነው ሁሉን የሚያየው።”

ወንድሜ ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ከሩቅ ሆኖ ጥበበኛ ነው።

ጥቅምት 26

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ናርዶስ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ከሰዓት በኋላ መጣች። ውይይቱ እቦታው ላይ ነው የሚደረገው፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ወጣ። ማን ሥራ እንደሌለው ዛሬ አወቅሁ። ሐቢባ ሱቋ በር ላይ ቆማለች። ሐጂ ጠሃ ከላይ መስኮታቸውን ከፍተው ነጭ ቆባቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ ከሥር ቀና ብዬ ትክ ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ በፈገግታ እጃቸውን አነሡልኝ። ደሜ ፈላ።

ናርዶስ እቅዱን አስረዳች። ከዚያ “ተቃውሞ ያቀረቡት ሰው ካሉ ይናገሩ” አለች።

ሐጂን እያየሁ ጠበቅሁ። ድምፁ ግን የመጣው ከራሴ በላይ ነው።

“እዚህ ነኝ።”

ዞሬ ቀና አልሁ። አባዬ በረንዳው ላይ፣ ነጩን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ቆመዋል።

“አዝመራው እባላለሁ” አሉ። “የቤቱ ባለቤት አይደለሁም፤ ቤቱን ለልጆቼ ሰጥቻለሁ። ጎረቤት ግን ነኝ። የዚያ የታችኛው ክፍል ጎረቤት። ከበላዩ ነው የምኖረው።”

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የናርዶስ ባልደረባ “ይሄ ይቻላል?” ብሎ ጠየቃት። እሷም “ደንቡ አይከለክልም” አለችው።

አባዬ ስለ ግድግዳው ረጅም ንግግር አደረጉ። አባታቸው እንዴት እንዳቆሙት፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ስንት ጊዜ እንደተረገጠ፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢፈርስ ሰፈሩ ጥርሱ የወለቀ እንደሚመስል። ስለ ግድግዳ ከአባዬ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከማዶ ሐጂ “ሁለተኛ ተቃዋሚ ካስፈለገም አለሁ” አሉ።

ናርዶስ ውሳኔው በኋላ ይነገራል ብላ ሰዉን አሰናበተች። ሐቢባ መንገዱን ተሻግራ መጣችና ክንዴን ያዘች።

“እኔ ነኝ ጽሕፈት ቤቱ የወሰድኋቸው” አለችኝ። “እኔ ካልወሰድኋቸው በእግራቸው ሊሄዱ ነበር። ደረጃውን ቁጭ ብለው ነው የወረዱት፣ እየተንሸራተቱ። ከታች ሆኜ ያዝኋቸው። ከዚያ በባጃጅ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እኔማ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ከመስኮት መስኮት እየጮሁ ነው የመከሩት። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሰምቷል። አንቺ ብቻ ሥራ ላይ ነበርሽ።”

ሰላም ያላልኋትን ቀናት አስቤ አፈርሁ። ይቅርታ አልኋት። “ጣቃውን አምስቴ ነው የጠቀለልሁት” አለችኝ።

ጥቅምት 27

አባዬን አላናግራቸውም። ምግብ አወጣላቸዋለሁ፤ አስቀምጣለሁ፤ እወርዳለሁ። ሽሮው ላይ ጨው በዝቷል መሰለኝ።

ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው።

ጥቅምት 28

ያው። ጨውም ያው።

ጥቅምት 29

ዛሬ ሥራ አልሄድሁም። አሞኛል ብዬ አስፈቀድሁ። አላመመኝም፤ ደክሞኝ ነው። ሶፋዬ ላይ እንደተጋደምሁ የላይኛው መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። አባዬ የወጣሁ መስሏቸዋል።

“አዝመራው።”

“አቤት።”

“አደርህ?”

“አደርሁ። አንተስ?”

“እኔ አድሬያለሁ። ጉልበቴ አላደረም።”

ከዚያ ስለሚያልፈው ሁሉ ማውራት ጀመሩ። ጋሪው የማን እንደሆነ፣ ድንች የጫነው ፈረስ ለምን እንደሚያነክስ። አባዬ ፈረሱ የኋላ ግራ ኮቴው ላይ ጠጠር እንዳለበት ከላይ ሆነው ለባለጋሪው በአገውኛ ነገሩት። ሰውዬው አቁሞ አየ መሰለኝ፤ ከታች ሲመርቃቸው ሰማሁ። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚሆነው እኔ በሌለሁበት ነው።

ቆይተው ሐጂ ጠየቁ። “ልጅቱ አሁንም እንደተቆጣች ናት?”

“እንደተቆጣች ናት። ሽሮውን ግን ታመጣለች፣ ጨው እያበዛች።”

“እውነቱን ለምን አትነግራትም? ግድግዳ፣ ግድግዳ ትላለህ።”

“ምን ልበላት? ከአንቺ የጠሃ ፊት ይሻለኛል ልበላት?”

“እንደሱማ አትበላት።”

“እሷ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች። ምሽቴ ከእሷ ጋር ነው። ቀኑ ግን ያለው ካንተ ጋር ነው። ታች ከወረድሁ አንተን የት አገኝሃለሁ? የምታየው ባዶ መስኮት ነው።”

“ወላሂ፣ ማለዳ መስኮትህ ሲዘገይ፣ ሞቷል እያልሁ ነው የምቀመጠው” አሉ ሐጂ።

“እኔም እንደዚያው ነኝ።”

“ታዲያ ቀድመህ ክፈት።”

“አንተ ቅደም። አንተ ነህ ለሱብሒ ሶላት የምትነሣው።”

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ አንድም ነገር ሳልሠራ እስከ ቀትር ድረስ አዳመጥኋቸው። ደረጃውን ቆጥሬ፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን ለክቼ፣ አባዬ ቀኑን ከማን ጋር እንደሚያሳልፉ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 30

ምሳቸውን ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቀምሰው “ዛሬ ልክ ነው” አሉ።

“አባዬ፣ ማመልከቻውን ላነሣው ነው። እዚሁ ይሁኑ።”

እጃቸውን አቁመው አዩኝ። “ደረጃውስ?”

“ደረጃው እንዳለ ነው።”

“አንቺስ?”

“እኔ ምን ሆንሁ?”

“ሶፋው ወገብሽን ይጎዳዋል።”

“ይመቸኛል። ክፍሌ ስለሚያፈስ ነው።”

ከእንጀራው ቆርሰው አጎረሱኝ።

ኅዳር 6

ማመልከቻዬን ላነሣ ሄጄ ናርዶስ አላስነሣ አለችኝ። “ይቆዩ እትዬ፣ ቤቱን አንዴ ከውስጥ ልየው” አለች። ከሰዓት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች።

“እዚህ የሚተኛ አለ?”

“እኔ ነኝ። ክፍሌ ያፈሳል።”

ወደ ክፍሌ ገብታ ጣሪያውን አየች። የክፍሌ ጣሪያ የአባዬ ክፍል ወለል ነው። ጣውላው ደረቅ ነው። ወጥታ “ዝናቡማ አልፏል” አለችኝ በቀስታ። የጻፈችው ነገር አለ፤ አላሳየችኝም።

ከዚያ ጓሮ ዞረች፤ አባዬ ጋ ወጣች፤ ከሐጂ ጋር በመስኮት ተጯጯኸች። ስትወርድ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

“እኛ የምንጠብቀው የመንገዱን ገጽታ፣ በረንዳውንና ጣሪያውን ነው” አለችኝ። “ውስጡንና ጓሮውን በፈቃድ ማሻሻል ይቻላል። አባትዎን ለምን ያወርዷቸዋል? ደረጃውን ይቀይሩት። በጓሮ በኩል፣ አሮጌው ማድ ቤት በነበረበት፣ ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ እርከን ያለው ደረጃ ይውጣ። መሐል ላይ ማረፊያና መቀመጫ፣ በሁለቱም በኩል መደገፊያ። መጸዳጃውም ከላይ በጓሮ በኩል ይግባ። ግድግዳው አይነካም።”

“ተቃዋሚውስ?”

“አሁን ጠየቅኋቸው። ተቃውሟቸውን የሚያነሡት ከላይ ሁለተኛዋ ክፍል ለእርስዎ የምትሆን ከሆነ ነው አሉ።”

ሁለተኛዋ ክፍል የአባዬ ጎረቤት ናት። ግድግዳዋ ስስ ነው፤ ሲያስሉ ይሰማል። አስብበታለሁ አልኋት። ከዚያ እሺ አልሁ።

ኅዳር 23

ፈቃዱ ወጣ። ናርዶስ ራሷ አመጣችው። አባዬ ከላይ ሆነው አስነበቡ፤ ሐጂ ከማዶ “ድገሚው፣ አልሰማሁም” አሉ፤ ናርዶስ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ደግማ አነበበች። አንድ ባጃጅ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።

ታኅሣሥ 8

አናጢው ሽባባው ጀመረ። ከአባዬ ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ግማሹን እሰማለሁ። እርከኑ ለፈረስ የሚሆን ይሁን ወይስ ለሰው ነው ክርክሩ። መጋዝ፣ አቧራ፣ ሻይ። ቀኑን ሙሉ ሻይ።

ታኅሣሥ 19

መደገፊያው የባሕር ዛፍ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ራሴ አለሰለስሁት። ሽባባው ይበቃል ቢለኝም እጄን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድሁና አንድ ሻካራ ቦታ አገኘሁ። አላፈርሁም። ለይኸነው ፎቶ ላክሁለት። “እኔም ሳረጅ እዚያ ነኝ” ብሎ ጻፈልኝ።

ታኅሣሥ 26

ዛሬ አባዬ ወረዱ። በሁለት እግራቸው። እኔ ከፊት ወደ ኋላ እየሄድሁ፣ ሽባባው ከኋላ። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ተቀመጡና “ከዚህ የማንን ጓሮ ነው የማየው?” አሉ። የሐቢባ ዘመዶችን ነው። አጠኑት። ከዚያ ጨርሰው ወረዱ፣ ጓሮውን ዞሩ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ተመልሰው ወጡ። እጄን ሁለቴ ሸሹኝ።

ማታ ፍራሼን ወደ ላይ አወጣሁት። ክፍሌ በእርግጥ ያፈስ ነበር ብያቸዋለሁ።

ጥር 4

ሐጂ ጠሃ ደረጃውን ካላየሁ አሉ። የእሳቸው ደረጃ ከቀድሞው የእኛ ይብሳል፤ አባዬ ሳይወድቁ በፊትም ሊወጡት አይደፍሩም ነበር። አባዬ ከመስኮት ሆነው አስተማሯቸው፤ “ተቀመጥ። ጀርባህን ወደ ግድግዳው። አሁን አንድ። ቆይ፣ አትቸኩል፣ ገበያ አይደለም።” አባዬ ምኑንም አያዩም፤ ከማዶ ቤት ውስጥ የሚደረገውን በግምት ነው የሚያዝዙት። መንገዱ ላይ ሰው ቆሞ ይሰማል። መጨረሻ ላይ ሐጂ በሱቁ በር ብቅ ሲሉ የሱሪያቸው መቀመጫ ነጭ ሆኖ ነበር። ሐቢባ አራገፈችላቸው። እኔም ከእሷ ጋር ደግፌ አሻገርኋቸው።

ደረጃችንን በዝግታ ወጡ። ማረፊያው ላይ ተቀመጡ፣ እንጨቱን ዳበሱ፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ ደረጃ ነው” አሉ። ናርዶስ ለእሳቸውም እንዲህ ያለ እንድታስፈቅድላቸው ነገ እንድነግራት አዘዙኝ።

አባዬ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ተያዩ። በየማለዳው የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው፤ እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ ግን ሁለት ዓመት አልፏል። ሐጂ እጃቸውን አንሥተው የአባዬን ጉንጭ ነኩ፤ ቆዳውን እንደ ጨርቅ በጣታቸው ያዝ አደረጉት።

“አርጅተሃል እኮ፣ አዝመራው” አሉ።

“አንተም።”

“ከማዶ ሆኜ ሳይህ ልጅ ነበርህ።”

አባዬ በደንብ አዩአቸው። ከዚያ ወንበር ሳቡላቸው።

“እንግዲህ ብላ፣ ጠጣ፣ ተጫወት” አሉ፤ “ማታ ስትሻገር ወደ ልጅነታችን እንመለሳለን።”

ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ይጯጯኻሉ። ይህን የምጽፈው ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ነው፤ አንድ ቃል አያመልጠኝም።